ቀይ እስክሪብቶ ያልነካው ገጽ

ፍላሹ በናፕኪን ተጠቅልሎ ከማኪያቶው ሳህን ሥር ተቀምጧል።

ሩቲ ሳህኑን ወደ ቀኝ ገፋ አደረገችው። ከጎኗ ባንኮኒውን ተደግፎ ጋዜጣ የሚያገላብጠው ሰው ናፕኪኑን አንስቶ አፉን ጠረገና ኪሱ ከተተው። የፒያሳው ኬክ ቤት አምስት ሰዓት ላይ ጢም ብሎ ሞልቷል። ማንም አላያቸውም።

«ሁሉም አለ?»

«የሠራናቸው ድረ ገጾች፣ የደንበኞቹ ዝርዝር። ከኮምፒውተሩ ያገኘሁት ሁሉ።»

«ደብተሩስ? በእጁ የሚጽፍበት?»

«እሱን ከመሳቢያው አያወጣውም።»

«ታወጪዋለሽ።»

ሰውየው ገዛኸኝ ነው። በደኅንነት መሥሪያ ቤቱ መዝገብ ላይ ግን «አናጢ» ይባላል። ከዩኒቨርሲቲ የመለመላትም ያሠለጠናትም እሱ ነው። እሷ «ክር» ናት። ሩቲም ቢሆን ለዚህ ሥራ የተሰጣት ስም ነው።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ዘሩባቤልን እንወስደዋለን» አለ። «ስምንት ተኩል ላይ ደብተሩ እጄ ይግባ። ሥላሴ፣ ታክሲ ተራው ጋ።»

«ዛሬውኑ?»

«የሺዓለም ሰኞ ትመሰክራለች። ሁለተኛ ሬሳ ማየት አምሮሻል?»

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

የሺዓለም የወርቅ ኮንትሮባንድ ነጋዴዎች ጸሐፊ ነበረች። ከእሷ ጋር ሊመሰክር የነበረው ሰው ባለፈው ወር በተሸሸገበት ቤት ደጃፍ ላይ ተገድሏል። ቤቱን የሚያውቁት ምስክሮችን የሚጠብቀው ክፍልና መድኃኒት በየቤቱ የሚያደርስለት አንድ ክሊኒክ ብቻ ነበሩ። የክሊኒኩን ድረ ገጽ የሠራው ደግሞ ዘሩባቤል ነው። ሩቲ ከአራት ወር በፊት ሠራተኛ መስላ ቢሮው የገባችው «መረጃ ይሸጣል» ተብላ ነው።

በአራት ወር ውስጥ ሲሸጥ አላየችውም።

ቢሮው ከፈራረሰው ሰፈር በተረፈ ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ስትገባ ወይዘሮ ጥሩነሽ የተባሉ ልብስ ሰፊ ከዘሩባቤል ፊት ቁጭ ብለው ይከራከራሉ።

«እኔ የምፈልገው እንደ ባንኮቹ ዓይነት ድረ ገጽ ነው። ዋጋው ግን እንደ እኔ ዓይነት ይሁን።»

ዘሩባቤል ሳቀ። ከማስተማር የወጣ፣ እሑድ እሑድ በቸርቻቸው መዘምራን ውስጥ የሚቆም፣ ጠመኔ የለመደ ጣቱን አሁንም እየጠራረገ የሚያወራ ሰው ነው። «ከባዶ እንጻፍልዎ ካልን አይችሉትም። ሌላ ሰው ጽፎ የጨረሰው ዝግጁ ስክሪፕት፣ ድረ ገጹን የሚያሠራው ትእዛዝ፣ አለ። እሱን ወስደን ስምዎን፣ ቀለምዎን፣ ፎቶዎን እናስገባበታለን።»

«ኧረ በሥላሴ! እኔን ሰፊዋን ዝግጁ ልብስ ልታለብሰኝ?»

«በልክዎ አሳጥሬ።»

«ውስጡ ተልቶ ቢሆንስ?»

«ገልብጬ አያለኋ፣ እትዬ። መስመር በመስመር።»

«እንዲያ ከሆነ ጥሩ። እኔም ስፌቱን ሳልገለብጥ ልብስ ገዝቼ አላውቅም።»

እውነቱን ነው። እያንዳንዱን ስክሪፕት ያትመዋል። እንደ ተማሪ ፈተና በቀይ እስክሪብቶ እያሰመረ ያነበዋል። ርካሽ ነገር ለድሃ ደንበኛ ሲሰጥ ንጹሕ መሆን አለበት ባይ ነው። ከዚያ በኋላ ብቻ ደብተሩ ላይ ይመዘግበዋል።

ሴትዮዋን ሊሸኝ ወረደ።

ሩቲ መሳቢያውን ሳበች። የተማሪ ደብተር ነው። በማስመሪያ የተሰመሩ ሦስት ዓምዶች አሉት። ደንበኛ። ያመጣው። ያነበበው። በሦስተኛው ዓምድ ከላይ እስከ ታች «ዘሩባቤል» የሚል ቀይ ፊርማ ተደርድሯል።

ክሊኒኩ ጋ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

ያመጣው፦ ሩቲ።

ያነበበው፦ ሩቲ ስላመጣችው አላስፈለገም።

ቀይ ቀለም የለም።

የክሊኒኩ ድረ ገጽ የተሠራበት፣ ሥራ ልትጠይቅ የመጣች ቀን ለእጅ መንሻ የያዘችው ስክሪፕት ነበር። «ውድ ነው፣ በደረሰኝ የተገዛ ነው፣ ይወድልሻል» ብሎ የሰጣት አናጢ ነው።

እሷም አልከፈተችውም ነበር።

አሁን ከፈተችው። ከሻጩ ድረ ገጽ ላይ ዋናውን ቅጂ አውርዳ ጎን ለጎን አስተያየችው። አንድ መስመር በለጠ። በሻጩ ቅጂ ላይ የለም። አናጢ በሰጣት ላይ አለ። መስመሩ የሚያዘው አንድ ነገር ነው፦ ታካሚ ፎርም በሞላ ቁጥር አንድ ቅጂ ወደማታውቀው ኢሜይል ይላክ።

ሟቹን ያስገደለው ቀዳዳ በእሷ እጅ ነው የገባው።

የክሊኒኩን መዝገብ ከፈተች። የሺዓለም። ዛሬ አራት ሰዓት ላይ መድኃኒት ለማዘዝ ተመዝግባለች። የቤት ቁጥሯ ሳይቀር።

አድራሻዋ ወጥቷል።

ከምድር ቤት ካለው ወርቅ ቤት ስልክ ተዋሰችና ደረጃው ላይ ቆመች። ከአናጢ ውጭ ለማንም መደወል ክልክል ነው። ለምስክር ጥበቃ ክፍሉ ኃላፊ ደወለች፤ ለወይዘሮ ጽጌማርያም።

«ክር ነኝ። የሺዓለምን አሁኑኑ ከቤት ያውጧት። አድራሻዋ ተሽጧል።»

«ማን?»

«አናጢ።»

«ምን ይዘሽ ነው?»

«አንድ ገጽና አንድ መስመር። አይበቃም፣ አውቃለሁ። አፍንጮ በር ሰፈር ባዶ ቤት አለን አይደል? እዚያ እንደተዛወረች አድርጌ ፎርሙን ልሞላው ነው። አድራሻው ሌላ የትም አይጻፍም። ለማንም አይነገርም። መጥቶ የሚያንኳኳ ካለ ከዚህ መስመር ያነበበ ነው።»

«ሙይው።»

«ዘሩባቤልስ? በዘጠኝ ሰዓት ሊወስዱት ነው። ሰውየው ምንም አያውቅም።»

«ካስጣልነው አናጢ ይነቃል። ይወሰድ።»

«ወይዘሮ ጽጌ...»

«ይወሰድ፣ ልጄ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ፎርሙን ሞላች። ገጹን ፎቶ አነሳች። ደብተሩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ዘሩባቤል ሁለት ሳምቡሳ ይዞ ተመለሰ።

«ምሳ አልበላሽም። ፊትሽ ገርጥቷል፣ ምን ሆነሻል?»

«ራሴን ነው፣ ጋሼ። እቤት ብሄድ...»

«ሂጂ፣ ሂጂ። የሴትዮዋን እኔ አነበዋለሁ።» ሳምቡሳዎቹን በወረቀት ጠቅልሎ እጇ ላይ አኖራቸው። ገና ትኩስ ናቸው።

ስምንት ተኩል። ሥላሴ። አናጢ ከታክሲ ሰልፉ ጫፍ ቆሟል። ደብተሩን ተቀብሎ ሌላ ገጽ ሳያይ በቀጥታ ወደ ክሊኒኩ ገለጠ። አነበበ። ቀና አለ።

«አየሽው?»

«ምኑን?»

«ውስጡን።»

«አምጪ አልከኝ፣ አመጣሁ። ከመቼ ወዲህ ነው አንተ የሰጠኸኝን የምከፍተው?»

ደብተሩን ኮቱ ውስጥ ከተተ። ከዚያ ፈገግ አለ።

«ጎበዝ። ለዚህ ነው የምወድሽ።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከቢሮው ሕንጻ ማዶ ቆማ አየች። ሁለት ሰዎች ዘሩባቤልን በብብቱ ይዘው አወረዱት። ወርቅ ቤቶቹ ደጃፍ ላይ ሰው ተሰበሰበ። ስልኩን አውጥቶ የሚቀርጽ ነበር። «ሌባ ነው?» አለ አንዱ። «ኮምፒውተር ነው ሥራው፣ ምን ይታወቃል!» አለ ሌላው። ዘሩባቤል አንገቱን እያዞረ ሕዝቡ መሐል ሰው ይፈልጋል። እጁ ላይ ቀይ እስክሪብቶው እንዳለ ነው።

አልተንቀሳቀሰችም።

አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ የመድኃኒት ከረጢት ያንጠለጠለ ሰው አፍንጮ በር ያለውን ባዶ ቤት አንኳኳ። ከረጢቱ ውስጥ ሽጉጥ ነበር። ስልኩ ላይ መጨረሻ የደወለለት አናጢ ነው። አናጢን እዚያው ታክሲ ተራ አካባቢ ያዙት። ደብተሩን ገና አላቃጠለውም።

የሺዓለም ሰኞ መሰከረች።

ዘሩባቤል በዘጠነኛው ቀን ያለ ማብራሪያ ተለቀቀ። ማንም ንጹሕ ነው ብሎ አላወጀለትም፤ መዝገቡ ምስጢር ነው። ደንበኞቹ አንድ በአንድ ተዉት። ቢሮው ተዘጋ።

ከሰባት ወር በኋላ፣ በዝናብ ማግስት ጠዋት፣ ሥላሴ ታክሲ ተራው ላይ መነጽር ያደረገች ሴት ቆማለች። አሁን ሜላት ትባላለች።

«ሩቲ?»

ድምፁን ሳትዞር አወቀችው። ከስቷል። ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፍቶታል።

«ይቅርታ፣ ተሳስተዋል።»

«አይ... ይቅርታ፣ ልጄ። እኔ ጋ ትሠራ የነበረች ልጅ መስለሽኝ ነው።» ሊሄድ ብሎ ቆመ። «ክፉ ቀን ደርሶብኝ ነበር። ያን ዕለት አሟት ወደ ቤቷ እንደሄደች ቀረች። እኔን የወሰዱኝ ሰዎች እሷንም ወስደዋት እንዳይሆን እላለሁ። ስልኳም አይሠራም። እንዲያው ደህና ትሁን እንጂ...»

«ደህና ትሆናለች» አለች።

«አሜን።»

ሚኒባሱ መጣ። ረዳቱ «አንድ ሰው! የቀረው አንድ ሰው!» ይላል። ዘሩባቤል ገለል ብሎ አሳለፋት።

ገባች። ከኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ መስኮቱ ሳታዞር ሒሳቧን አቀበለች።