ሰሊማ ያልገፋችው ሰው

ሬሳውን ያገኙት ወይዘሮ ቡዜ ሆነው ሳሉ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ፖሊሶቹ ዘበኛውን ጠየቁ፤ ባለንብረቱን ጠየቁ፤ በአጥር የሚያጮልቁትን ጎረምሶች ሳይቀር ጠየቁ። እሳቸውን ግን «እማማ፣ እዚያ ጥላው ውስጥ አረፍ ይበሉ» ብለው እንደ ዕቃ አስቀመጧቸው።

«ዓይን ያለው የተማረ ብቻ ነው እንግዲህ» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም።

«እኔ እርስዎን ልጠይቅ ነው የመጣሁት» አለች ከኋላቸው አንዲት ሴት። ኢንስፔክተር ገላኔ ነበረች፤ ቀጠን ያለች፣ ስትናገር የማትቸኩል።

«ዘገየሽ።»

«ዘገየሁ። ይንገሩኝ።»

ነገሯት። ይህ በአዳማ ጠርዝ ያለ፣ ከተዘጋ ብዙ ዘመን የሆነው የቦሎቄ ማበጠሪያ ነው። ፎቅ ላይ ሴቶች በረድፍ ተቀምጠው ቦሎቄ ይለቅሙ ነበር፤ የሞላው ጆንያ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። ከደራ እስከ ሻሸመኔ አሮጌ ወፍጮና መጋዘን እየዞረ ፎቶ የሚያነሳው ደሊል፣ አንገቱ ተሰብሮ የተገኘው ከዚያ ቀዳዳ ሥር ነው። ወይዘሮ ቡዜ ለዘበኛው ለወዬሳ ምሳ ይዘው መጥተው አዩት። ወዬሳ የወንድማቸው ልጅ ነው፤ ጡት ከጣለ ጀምሮ ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

«ሟቹን ያውቁታል?»

«ባለፈው ክረምት መጥቶ ነበር። ይለቅሙበት የነበረውን ቦታ ያሳዩኝ አለኝ፤ አሳየሁት። ቀዳዳውን ግን ዞር ብዬ አላየሁም።»

«ለምን?»

«ሰሊማ የወደቀችበት ነዋ። ከወሎ የመጣች፣ ጎን ለጎን ተቀምጠን የምንለቅም። ጆንያ ስትጎትት አብራው ወረደች። ሳንቃ ያስገጠሙለት እሷ ከሞተች በኋላ ነው። አሁን በሌሊት ቦሎቄ ሲለቀም ይሰማል ይባላል።»

«እርስዎ ሰምተዋል?»

አሮጊቷ ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ወዬሳ ይሰማል። እሱ ከሰማ እኔ ሰማሁ ማለት ነው። ግን የሙት ወሬ ትተሽ ባለንብረቱን ያቤጽን ያዥ። አባቱ የተወለትን አፍርሶ ሆቴል ሊሠራ ነው። ይህ የሞተው ልጅ ደግሞ ቅርስ ይሁን እያለ አስቸግሮታል።»

ገላኔ ወደ ፎቅ ወጣች። ወይዘሮ ቡዜም ሳይጠሩ ተከተሏት። ላይ ርግቦች ብቻ ነበሩ። አግዳሚው ጣውላ ሴቶቹ በተቀመጡበት በተቀመጡበት ጎድጉዷል፤ ወይዘሮ ቡዜ የራሳቸውን ጉድጓድ ከሩቅ ለዩት። ከጎኑ ያለውን ላለማየት ፊታቸውን አዞሩ።

ወዬሳ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል።

«ቀዳዳው ክፍት ነበር?» አለችው ገላኔ።

«ድሮም ክፍት ነው። ሳንቃው ይኸው፣ እኔ ከመቀጠሬ በፊት ጀምሮ እንደተደገፈ ነው። ወደ ኋላ እያፈገፈገ ሲያነሳ ወድቆ ይሆናል። ወይ ደግሞ…»

«ወይ ደግሞ?»

«አዳዳ ታውቃለች» አለ። የአባቱ እህት ስለሆኑ አዳዳ ነው የሚላቸው።

ገላኔ ቀዳዳው አፍ ላይ ቁጢጥ ብላ ጠርዙን በጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ ከሳንቃው ኋላ አጮለቀችና ስልኳን አወጣች።

ወደ ማታ ሁሉም እዚያው ፎቅ ላይ ተሰበሰቡ። የደሊል እህት ሑስና ዓይኗ አብጦ፣ ከፎቶ ቤታቸው ያመጣችውን ትልቅ ፖስታ ታቅፋ ቆማለች።

«ሰውየው ያበሳጨኝ ነበር፤ አልዋሽም» አለ ያቤጽ ሳይጠየቅ። «ግን ፈቃዱን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ከመፍረሱ በፊት አንስቶ ይገላገል ብዬ።»

«ሲያነሳ አልወደቀም» አለች ገላኔ። «የካሜራው ሌንስ እንደተከደነ ነው። ሚሞሪ ካርዱም የለም። ሙት ደግሞ ሚሞሪ ካርድ አይፈልግም።»

ያቤጽ ሳቅ አመለጠው፤ የሳቀ ሌላ ሰው አልነበረም።

«እማማ፣ ሳንቃውን ይዩልኝ። የርግብ ኩስ ያለው በየት በኩል ነው?»

ወይዘሮ ቡዜ ቀረብ አሉ። «በእኛ በኩል ንጹሕ ነው። ወደ ግድግዳው በዞረው ነው የተጋገረው…» ድምፃቸው መሐል ላይ ቀጠነ። ከአፋቸው የወጣው ምን እንደሆነ ገባቸው።

«ለዓመታት ተደግፎ ቢሆን ኩሱ በእኛ በኩል ይሆን ነበር። ይህ ሳንቃ እስከ ቅርብ ጊዜ ቀዳዳው ላይ ተኝቶ ነበር። ሑስና፣ አሳዪያቸው።»

ሑስና ከፖስታው ፎቶ አወጣች። «ወንድሜ አንድን ቦታ ሁለቴ ነው የሚያነሳው። ከመጀመሪያው ቦታ ቆሞ፣ ምን እንደቀረ ለማሳየት። ይህ የክረምቱ ነው።»

በፎቶው ላይ ሳንቃው ቀዳዳውን ገጥሞ፣ በኩስ ነጥቶ ይታያል። ከኋላው ሁለት የማበጠሪያ መኪኖች ቆመዋል። ሁሉም ቀና ብለው አዩ። መኪኖቹ በነበሩበት ወለሉ ላይ የቀረው ብሎን ብቻ ነው።

«ተፈታተው በቀዳዳው ወረዱ። ጠርዙ ላይ አዲስ የብረት ጭረት አለ። ደሊል ዛሬ መጥቶ ከፎቶው ጋር ሲያስተያይ መጥፋታቸውን አየ።»

«ያቤጽ ያወጣቸው እንደሆነስ?» አሉ ወይዘሮ ቡዜ። የሚለምኑ ይመስሉ ነበር፤ ለምነው አያውቁም።

«የራሱ ብረት ነው፤ በቀን ሠራተኛ ጠርቶ በበር ያስወጣዋል። እማማ፣ ሌሊት እዚህ የሚያድረው ማን ነው? ብረት ሲንኳኳ ሰው ሰምቶ እንዳይጠጋ፣ የቦሎቄውን ድምፅ መጀመሪያ ያወራው ማን ነው?»

ርግቦቹ ጣራው ሥር ተንሾካሾኩ።

«ለቁራሌው ነበር የምሸጠው» አለ ወዬሳ። «ሚሞሪውን ስጠኝ አልኩት፤ ሳቀብኝ። ለያቤጽ እነግረዋለሁ አለ። አዳዳ፣ እኔ እኮ…»

ጉልበታቸውን ሊይዝ ጎንበስ አለ። ወይዘሮ ቡዜ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

«እኔን አትንካኝ። ከሰሊማ ጋር የተቀመጥኩትን፣ ስትወድቅ ያየሁትን ማታ ማታ የነገርኩህ ልጄ ስለሆንክ ነው። አንተ እሷን ለብረት ዘብ አቆምካት፤ ነፍስም አሸከምካት። እኔም አሮጊቷ አምኜህ ሰው ፊት አወራሁልህ።»

«አዳዳ…»

«ዝም በል። የምትናገረውን እኔ እነግርሃለሁ። ወደዚህች ልጅ ዙር። ወንድምሽን የገፋሁት እኔ ወዬሳ ነኝ በላት። ጎንበስ ብለህ አይደለም፤ ዓይኗን እያየህ። እኔ እየሰማሁ።»