የአረንጓዴው ሕንጻ እንግዳ

ሬሳው ሲገኝ ፊቱ እንደ ደህና ሰው ቀልቶ ነበር፤ የተኛ እንጂ የሞተ አይመስልም። ይሄይስ ይባላል። የአቶ ሽመክት ባለ ሰባት ፎቅ ሕንጻ «አረንጓዴ» የሚያሰኘው የምስክር ወረቀት ይገባው እንደሆነ ሊመረምር ከባሕር ዳር ወደ ቆሰበር የመጣ ባለሙያ ነው። ነፋስ አያስገባም፣ መብራት አያባክንም የተባለለትን ሕንጻ «አድሬበት ልየው» ብሎ ስድስተኛው ፎቅ ላይ አደረ። በነጋታው አልተነሣም።

በዚያ ሌሊት ሕንጻው ውስጥ ያደሩት ሌሎች ሦስት ናቸው፦ ባለቤቱ ሽመክት፣ መሐንዲሱ ደረሰና ዘበኛው ክንዴ። ፖሊስ እንደ ልማዱ ከታች ጀምሮ ዘበኛውን አሰረ። ከሰዓት በኋላ በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ሊያቀርበው ነው። ሚስቱ ስሜነሽ ከጣቢያው በር ላይ ዝናብ እየወረደባት ታለቅሳለች። ኢንስፔክተር ማሪቱ በአጠገቧ ትመላለሳለች፤ በእጇ ግን ሰውየውን የሚያድን አንድም ማስረጃ አልነበራትም።

የሟቹን ክፍል ዞራ አየች። ቁስልም ትግልም የለም። መስኮቶቹ ጥርቅም ብለዋል፤ ከጣራው ሥር ያለው አየር ማስገቢያ ማሽን ጸጥ ብሏል። ከአልጋው አጠገብ አዲሱ የቀርከሃ ወለል ክብ ሆኖ ጠቁሯል።

«አያ ክንዴ፣ ለእንግዳው ምን አስገቡለት?» አለችው እስር ቤት ሄዳ።

«እሳት ነዋ። ልስኑ ገና እርጥብ ነው፣ በረደኝ አለኝ። የቆሰበርን ክረምት ያውቁት የለ? ከሰሉን ውጭ አቀጣጥዬ ማንደጃውን ከነፍሙ አስገባሁለት። እንግዳ በብርድ ይደር?»

«ማሽኑ ይሠራ ነበር?»

«ሲያጉረመርም ሰምቼዋለሁ።»

«ማንደጃውንስ ጧት አወጡት?»

«አልተመለስኩም። እዚያው የለም እንዴ?»

አልነበረም።

ሽመክትን ምድር ቤት ባለው ቢሮው በሩን ዘግቶ፣ ከእግሩ ሥር ፍም አስቀምጦ፣ ራሱን በሻሽ አስሮ አገኘችው።

«ራሴን ሊፈልጠኝ ነው» አላት። «እንግዳ በቤቴ ሞተብኝ፣ ከእንግዲህ ማን በደህና ዓይን ያየኛል? ደረሰ፣ አንተ ምን ውጭ ያቆምሃል? ግባና ሙቅ።»

መሐንዲሱ ከበሩ ውጭ ዝናብ እየረጨው ቆሟል። «እዚህ ይሻለኛል» አለ።

«ይሄይስ ምስክር ወረቀቱን ሊሰጥ ነበር?» አለች ማሪቱ።

ሽመክት ቀድሞ መለሰ። «ደረሰን፣ ማሽኑ ደካማ ነው፣ አልፈርምም ብሎት ነበር።»

ማሪቱ ሆስፒታል ደውላ ሬሳውን የመረመረውን ሐኪም አነጋገረች። ከዚያ ክንዴን ከነካቴናው፣ ስሜነሽን፣ ሽመክትንና ደረሰን ከዚያው ቢሮ ሰበሰበች። በሩንም መስኮቱንም ዘጋች። ፍሙ ቀልቷል። ስለ ዝናቡ፣ ስለ መንገዱ እያነሣች ቀስ ብላ ታወራ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ደረሰ ተነሥቶ መስኮቱን ከፈተው።

«ለምን ከፈቱት?»

«ጢሱ...»

«የነደደ ከሰል ነው፤ ጢስ የለውም። ይሄይስን የገደለው ግን በተዘጋ ቤት እንዲህ ካለ ፍም የሚወጣው ሽታ የሌለው መርዝ ነው፤ ሐኪሙ ከደሙ አረጋግጧል። ማንደጃውን የደበቀው ሰው ይህን ያውቅ ነበር። አያ ክንዴ ቢያውቁ ኖሮ እሳት አስገባሁ ብለው በአፋቸው አይነግሩኝም። አቶ ሽመክትም ቢያውቁ በራቸውን ዘግተው ፍም አይሞቁም። ሁለቱም ነፋስ በየቀዳዳው በሚገባበት ቤት ነው ያደጉት፤ እሳትን እንደ ወዳጅ ነው የሚያዩት። የዚህን ሕንጻ ቀዳዳ ሁሉ የደፈኑት ግን መሐንዲሱ እርስዎ ነዎት። ሌሊት ሲሠራ የተሰማው ማሽን ጧት ጠፍቶ ተገኘ፤ ቁልፉም ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው። ካወቁ፣ ዘበኛው ሲታሰር ምነው ዝም አሉ?»

ደረሰ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ልለምነው ወደ ክፍሉ ወጥቼ ነበር» አለ። «በበሩ መስታወት ሳየው ከእሳቱ አጠገብ አሸልቦታል። ስሜ የሚጠራበት ሥራ ይኸው ሕንጻ ብቻ ነው። ማሽኑን አጠፋሁና ወረድኩ። ጧት ማንም ሳይወጣ ማንደጃውን ደበቅሁት።»

ማሪቱ የክንዴን ካቴና ፈታች። ስሜነሽ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል ያዘቻት። ክንዴ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎ» አለ። «እሳቱን ባላስገባለት ኖሮስ?»

ማሪቱ ውሸት ፈለገች፤ አላገኘችም።

«በሕይወት ይኖር ነበር» አለችው። «ማሽኑን ባያጠፉበትም ይኖር ነበር፣ አያ ክንዴ።»

ሁለተኛውን የሰማ አይመስልም። ባልና ሚስቱ ዝናቡ ውስጥ ወጡ። ስሜነሽ ጋቢዋን አውልቃ ብታለብሰው፣ አልፈልግም ብሎ መለሰላት።