ቆመው የተመለሱ ሽማግሌዎች

የኅዳር ሚካኤል አራት ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ጠዋት፣ ሐረግ የአባቷን ውሻ በሁለት ጉልበቶቿ መሐል አጥብቃ ይዛ «ኧረ ቶሎ በል!» ብላ ጮኸች። መርፌ የያዘው ወጣት ቶሎ አለ። ችግሩ ውሻውም ቶሎ ማለቱ ነበር።

ውሻው መከታ ይባላል። አባቷ አቶ አራጌ ከሚስታቸውና ከአንድ ልጃቸው ቀጥሎ የሚሳሱለት ነገር ቢኖር እሱ ነው። የወጣቱን ግራ እጅ ከአውራ ጣቱ ሥር ነከስ አድርጎ ለቀቀና፣ ምንም እንዳላደረገ ሁሉ ከሐረግ እግር ሥር ተጋደመ።

«ውይ! ደማህ እኮ!»

«መርፌው ገብቷል፤ ዋናው እሱ ነው» አለ ወጣቱ እጁን እያራገፈ። «እኔም ተከትቤያለሁ። አሁን በእኔና በእሱ መሐል ጠብ የለም።»

ሐረግ ሳታስበው ሳቀች። ውሃና ሳሙና ይዛ መጣች።

«ሩብ ሰዓት ሙሉ መታጠብ አለበት» አለ።

«ሩብ ሰዓት?»

«ሩብ ሰዓት። ሕጉ ነው።»

ሩብ ሰዓት ቀላል አይደለም። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንዱ ውሃ እያፈሰሰ፣ ሌላው እጁን ዘርግቶ ሩብ ሰዓት ሲቆሙ መጀመሪያ ያፍራሉ፣ ቀጥለው ያወራሉ፣ በመጨረሻ ዝም ይላሉ። አደገኛው መጨረሻው ነው። ይሄነው እንደሚባል፣ የከላላ ልጅ እንደሆነ፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ሆኖ ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ዘመቻ ለአንድ ሳምንት ወደ መካነ ሰላም እንደመጣ፣ ከዚያም ማሻ እንደሚሄድ የሰማችው በወሬው ክፍል ነው። ዓይኑ ድካም የሚያውቅ፣ ግን የማይቸኩል ዓይን መሆኑን ያየችው ዝም ባሉበት ነው።

«ሌላም ሕግ አለ» አለ እጁን በጨርቅ እየጠቀለለ። «ሰው የነከሰ ውሻ አሥር ቀን ታስሮ ይታያል። በየጠዋቱ እየመጣሁ አየዋለሁ።»

«አንተ ራስህ?»

«እኔ ራሴ።»

ይህን ጊዜ አቶ አራጌ ከሽመናው ክፍል ብቅ አሉ። ከነገሩ ሁሉ የሰሙት «ታስሮ» የሚለውን ብቻ ነው። ፊታቸው ጠቆረ። አንድም ቃል ሳይናገሩ መከታን ወስደው ከሽመናው ክፍል በር ላይ አሰሩት።

ሳምንቱ ዱሮም የሥራ ሳምንት ነበር። አቶ አራጌ በልጅነታቸው እናት አባታቸውን አጥተው ያደጉት በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በነዳያን መሐል ነው። አንዲት ዓይነ ስውር አሮጊት ከራሳቸው ባና ሥር አስተኝተው ከብርድ አተረፏቸው። እሳቸውም ሸማኔ ሆነው ጎጆ ከወጡ ጀምሮ፣ በየዓመቱ ለኅዳር ሚካኤል ከበግ ጠጉር የተሸመነ ወፍራም ባና ጧሪ ለሌላቸው አዛውንት ይሰጣሉ። ዘንድሮ አምስት ነው የተሳሉት። እናቷ ወይዘሮ የሺእመቤት ጠጉሩን ይነድፋሉ፣ ሐረግ ትፈትላለች፣ አባቷ ይሸምናሉ። ደሴ ኮሌጅ ጨርሳ ከተመለሰች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ሥራ አልተገኘም፤ እንዝርት ግን ጠፍቶ አያውቅም።

ማክሰኞ ይሄነው መጣ። መከታን ሩቅ ሆኖ አየው። ሐረግን ግን ቀረብ ብሎ ነው ያያት።

«ምነው ተከዝክ?» አለችው።

«የተከተበውን ካልተከተበው መለየት አቃተን። ቀለም ብንቀባቸው ይልሱታል። አንዱን ውሻ ዛሬ ሁለቴ ወጋሁት።»

ሐረግ ከፈትሉ ክምር ቀይ የተነከረውን መዘዘች፤ ሦስት አድርጋ ገመደችና አንገቷ ላይ ለካችው። «እንዲህ ያለ ብናስርላቸውስ?»

ይሄነው አንገቷን አየ። ከዚያ ፈትሉን አየ። «በጣም ያምራል» አለ፣ የትኛውን እንደሆነ ሳይናገር።

«ስንት ያስፈልግሃል?»

«ሦስት መቶ።»

«ሦስት መቶ! ያረቢ!»

ግን ገመደች። ጓደኛዋን ሀያትን ጠራችና ቀን የባናውን ፈትል እየፈተሉ፣ በየመሐሉ የውሾቹን ማሰሪያ እየገመዱ የሁለቱም ጣት ተላጠ። ሀያት የሼህ አህመዲን የልጅ ልጅ ናት፤ ይሄነው የተከራየው ደግሞ እነሱ ግቢ ነው። ስለዚህ ስለ እሱ የማታውቀው ነገር አልነበረም።

«ትናንት እራቱን ትቶ ግድግዳ ሲያይ ነበር» ትላለች ሀያት።

«ደክሞት ይሆናላ።»

«አንቺስ አሁን እንዝርቱን ትተሽ አጥር የምታዪው ደክሞሽ ነው?»

ሐረግ እንዝርቱን አነሳች። እጇ ይሠራል፤ ልቧ ግን አንድ ቦታ አልቀመጥ ብሏል። ውሻ በጮኸ ቁጥር ትነሳለች፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች፣ ማንም አይመጣም፣ ተመልሳ ትቀመጣለች። ሐሙስ ዕለት ጠዋት ሳይመጣ ቀርቶ ቀትር ላይ ሲደርስ «ውሻው እንዳያብድ ብዬ ፈርቼ ነው» ብላ ተቆጣችው። መከታ በዚያ ሰዓት አፉን ከፍቶ ተኝቶ ነበር።

ዓርብ አምስቱ ባናዎች ደረሱ። ይሄነው ሁለቱን ተሸክሞ እስከ ሚካኤል ድረስ አብሯቸው ወጣ። አቶ አራጌ እንደ ልማዳቸው አንድም ነገር ሳይናገሩ እየተንበረከኩ አዛውንቱን አለበሱ። አንዲት እናት ባናውን በእጃቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «የማን ፈትል ነው እንዲህ የጠነከረው?» ሲሉ ጠየቁ። ሐረግ አንገቷን ደፋች። «የእሷ ነው» አለ ይሄነው፣ የተጠየቀው እሱ ይመስል።

ሲመለሱ ሁለቱ ከሌሎቹ ትንሽ ወደ ኋላ ቀሩ።

«ሰኞ ማሻ እሄዳለሁ» አለ።

«አውቃለሁ። መከታን የቀረውን ቀን እኔ አየዋለሁ።»

«ሐረግ፣ ስለ መከታ አይደለም የማወራው።» ቆመ። «ነገ ሽማግሌ ልላክ?»

እሷም ቆመች። አዎ ማለት ፈለገች፤ ዛሬውኑ ላክ ማለት ፈለገች። ግን አፏ አልከፈት አለ። የነጠላዋን ጥለት በጣቷ እየጠቀለለች ዝም አለች። በአገሩ ደንብ ሴት ልጅ እንዲህ ተጠይቃ ዝም ስትል እሺ ማለቷ ነው ይባላል። ይሄነውም እንደዚያ ወሰደው፤ ግን በሙሉ ልቡ አልነበረም።

አምስት ቀን ለጋብቻ ያንሳል የሚል ሰው አይጠፋም። ወይዘሮ የሺእመቤትን ቢጠይቅ፣ ባላቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩት በሠርጋቸው ዕለት እንደሆነ ይነግሩታል።

ቅዳሜ ማለዳ እናቷ ገበያ ወጡ። ሐረግ በአጥሩ ቀዳዳ ስታይ ሦስት ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆመዋል። ሼህ አህመዲን ከፊት፣ አቶ ኪዳነማርያም ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጎን፣ አንድ ሌላ ሰው ከኋላ።  ሮጣ ጓዳ ገባች።

ሽማግሌ ሲመጣ ቆሞ ነው የሚጠብቀው። ባለቤቱ ወጥቶ «ቁጭ በሉ» እስኪል አይቀመጥም፣ የመጣበትንም አይናገርም። ሳይቀመጥ ከተመለሰ ነገሩ አልቋል፤ እንቢ ተብሏል። ሴት ልጅ ደግሞ ስለ ራሷ የመጣ ሽማግሌ ፊት ብቅ አትልም።

ሐረግ አባቷ ሽመናው ክፍል ውስጥ ናቸው ብላ ጠበቀች። ሼህ አህመዲን ሳል አሉ። አቶ ኪዳነማርያም «ቤቶች!» አሉ። የሽመናው ክፍል በር አልተከፈተም። አሁን ይወጣሉ፣ አሁን ይወጣሉ እያለች ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ጆሮዋን ግድግዳው ላይ ለጠፈች። ፀሐይዋ ከፍ አለች። አንድ ሰዓት ሙሉ አለፈ። ከዚያ የሦስት ሰው እርምጃ ቀስ እያለ ከበሩ ሲርቅ ሰማች።

ሄዳ የሽመናውን ክፍል ከፈተች። ማንም የለም። መከታም የለም። ገመዱ ብቻ መሬት ላይ ተጥሏል።

አቶ አራጌ የተመለሱት ከቀትር በኋላ ነው፤ ፊታቸው በርቶ፣ እየሳቁ።

«አመለጥኳቸው!» አሉ። «ያ የከብት ሐኪም ሼሁን ላከብኝ እኮ! ባለፈው ዓመት የጎረቤቶቻችንን የእነ አልታዬን ውሻ ሰው ነከሰ ብለው እንደዚሁ በሽምግልና ነው የወሰዱት። ገና ከሩቅ ሳያቸው በጓሮ በኩል ይዤው ወጣሁ። እህቴ ዘንድ ነው ያለው፤ ማንም አያገኘውም።»

ሐረግ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። እናቷ ከገበያ ገብተው የተፈጠረውን ሲሰሙ ዘንቢላቸውን መሬት ጣሉት።

«አንተ ሰው! ለልጅህ የመጣን ሽማግሌ ለውሻ ብለህ አቁመህ ሄድክ?»

የአቶ አራጌ ሳቅ ጠፋ። ቀስ ብለው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ።

ሐረግ ከመከታ የክትባት ወረቀት ላይ የይሄነውን ስልክ ቁጥር አግኝታ ደወለች። «አባዬ አላወቁም» አለችው። «ስለ ውሻው የመጡ መስሏቸው ነው። ወላሂ አላወቁም።»

ይሄነው ሲመልስ ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ያ ይበልጥ ከፋት።

«አምንሻለሁ። ግን ሐረግ፣ ሼህ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ለእኔ ሲሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመው ተመለሱ። እንደገና ሂዱልኝ የምልበት አፍ የለኝም።»

«እና?»

«እና ሰኞ እሄዳለሁ።»

እስኪመሽ ቤቱን ዞረችው። ፈትል አነሳች፣ ጣለች። በመጨረሻ አባቷ ፊት ቆመች።

«አባዬ፣ ይሂዱና ይጥሯቸው።»

«እኔ?» አሉ አቶ አራጌ። «ልጄን ውሰዱልኝ ብዬ የሰው ደጅ ልጥና? ሰው ምን ይለኛል? አንቺንስ ምን ይሉሻል?»

እውነታቸውን ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ተሰምቶ አይታወቅም። ሐረግ ወደ ጓዳ ገባች። ብዙ ሳትቆይ ግን ተመልሳ ወጣች፤ ዓይኗ ደርቋል።

«የእኔን ስም አይጥሩ» አለች። «ሽማግሌ አቁሞ ጥሎ መሄድ ራሱ ጥፋት ነው፤ ይቅርታ የሚጠየቅበት ጥፋት። ስለ እሱ ብቻ ይሂዱ። ሌላውን እነሱ ያውቃሉ።»

አቶ አራጌ ልጃቸውን ቀና ብለው አዩዋት።

«ይሄን ያህል ትፈልጊዋለሽ?»

መሬት መሬት አየች። 

እሑድ ሐረግ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ሀያት እየሮጠች መጣች፤ ትንፋሿ ተቆራርጧል። «አባትሽ እኛ በር ላይ ቆመዋል! አያቴ ግባ ቢላቸው አልገባም አሉ። ቁጭ በል ቢላቸው እንቢ! ‹ያቆምኳችሁን ያህል እቆማለሁ› ብለው ባርኔጣቸውን አውልቀው ፀሐይ ላይ ተገትረዋል!»

«አያትሽስ?»

«መጀመሪያ ፊቱን ኮስተር አድርጎ ነበር። ኋላ ውሻ ይዘው በጓሮ እንደሸሹ ሲነግሩት፣ ወላሂ ሐረግ፣ አያቴ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም። ‹አራጌ፣ ውሻህን ለራስህ አድርገው፤ አላህ ያኑርልህ፤ እኛ የመጣነው ለሌላ ነው› አለ። ከዚያ አቶ ኪዳነማርያምን አስጠራቸው።»

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ሦስቱ ሽማግሌዎች በሩ ላይ ቆሙ። አቶ አራጌ ወንበሩን ራሳቸው ተሸክመው ወጥተው ነበር የጠበቋቸው። ደንቡ ሁለት ሦስት ጊዜ ማመላለስ ነው፤ እሳቸው ግን «አንዴ አመላልሻችኋለሁ፤ ይበቃል» አሉ። ሐረግ በጓዳው ግድግዳ ሆና የእናቷን እልልታ ሰማች። ደስ አላት። ግን ያ ውስጧ የሚንቆራጠጠው ነገር አሁንም አልተቀመጠም፤ ምን እንደሆነም ታውቃለች።

ሰኞ ማለዳ ከእናቷ ጋር መናኸሪያ ደረሰች። ይሄነው የክትባት ሳጥኑን አውቶቡሱ ላይ አስጭኖ በሩ አጠገብ ቆሟል። እናቷ አንዲት ጎረቤት ሰላም ለማለት ብለው ራቅ አሉ። ጎረቤቲቱ አልነበረችም።

«እንኳን ደስ አለሽ» አለ ይሄነው። ፈገግታው ግን ግማሽ ነበር።

«ምነው?»

«አባትሽ እሺ ብለዋል። እናትሽ እልል ብለዋል። ሼህ መርቀውኛል።» አንገቱን ሰበር አደረገ። «ዓርብ ስጠይቅሽ ዝም አልሽ። ቅዳሜ ስትደውዪ የነገርሽኝ ስለ አባትሽ ነው። ያንቺን ግን እስካሁን አልሰማሁም። ማሻ ቁጭ ብዬ፣ ለአባቷ ብላ ይሆን እያልኩ መጨነቅ አልፈልግም።»

ሐረግ ዙሪያዋን አየች። በየመስኮቱ ሰው አለ። ይሄነውን ልትሸኝ የመጣችው ሀያት የመንገደኛ ሳጥን ላይ ተቀምጣለች። ረዳቱ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ መንገደኛ ይጣራል። ሳምንቱን ሙሉ የተናገረችው ስለ ውሻ፣ ስለ ፈትል፣ ስለ ሽማግሌ ነው። ሌላውን ሁሉ ለራሷ አስቀርታዋለች። ደንቡ አሁንም ዝም ማለት ነው።

«እወድሃለሁ» አለች።

ካሰበችው በላይ ጮክ ብላ ነበር። ረዳቱ ጥሪውን አቋረጠ። መስኮት ላይ ያሉት ሁሉ ዞሩ። እናቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ማንም ስላለኝ አይደለም» አለች ሐረግ፤ አሁን ማቆም አልቻለችም። «ገና እጅህን ሳስታጥብህ ነው። ሩብ ሰዓቱ እንዳያልቅ ብዬ ውሃውን በቀጭኑ ነበር ያፈሰስኩት።»

ይሄነው በጨርቅ የተጠቀለለውን እጁን ዘርግቶ፣ ፈትል የላጠውን የእሷን እጅ በሰው ሁሉ ፊት ያዘ። ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ፤ ሁለቱም አልሰሙትም።