በገሙራ ጀርባ ላይ

የሰንደራ ሠራዊት ከሐሽማ ሜዳ ድል አድርጎ በተመለሰበት ማለዳ፣ ፀሐይ የፈረሶቹን ጥላ በከተማው ግንብ ላይ ጣለች፤ የፈረሰኞቹን ግን አልጣለችም። ጋላቢ የሌላቸው የፈረስ ጥላዎች በግንቡ ላይ እየተከታተሉ አለፉ። እልል ሲል የነበረው ሕዝብ ወደ ኋላ አፈገፈገ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘማቾቹ እንቅልፍ አጡ። ትከሻቸው እንደ ድንጋይ ጠጠረ። ልጆቻቸው ከኋላ ሲያቅፏቸው ሰይፍ መዘዙ። ጦርነቱን ከሰገነት ሳይወርዱ በወሬ የሰሙት መማክርት ግን፣ በሌላው ሕመም ላይ ለመፍረድ መቼም ድፍረት አያጡምና፣ ቁስል የማይታይበት ሰው አልታመመም አሉ። ጥላ አልባዎቹ በአርባ ቀን ውስጥ ካልተሻላቸው ወደ ጨው በረሃ እንዲባረሩም ዐዋጅ አስነገሩ።

ከእነዚህ አንዱ ይዝራ ነበር። እህቱ ሐመራ ወጣት ብትሆንም የታወቀች ወጌሻ ናት። ልታሸው ቅባት ይዛ ቀርባ ጣቷ አንገቱን ሲነካው፣ ዘሎ ጉሮሮዋን አንቆ ያዘ። ማንነቷን ሲለይ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ሐመራ በማግስቱ ንጉሥ አግዳር ፊት ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ፣ እነዚህ ሰዎች ግማሻቸው ብቻ ነው የተመለሰው። ሌላው ግማሻቸው አሁንም ሐሽማ ላይ እየተዋጋ ነው። መማክርትዎ ቁስል አላየንም ይላሉ፤ በእጃቸው ዳስሰው ያውቃሉ? እኔ ዳስሻለሁ። ጥላቸውን ሳላመጣ የሰንደራን ውሃ ብቀምስ መርዝ ይሁንብኝ።»

መንገዱን የሚያውቀው ይዝራ ነበርና አብሯት ወጣ። ከጎኑ እንድትሄድ አስጠነቀቃት።

«ድንገት ከኋላዬ እንዳትመጪብኝ እታለም። ወጌሻዬን ገድዬ ሌላ ወጌሻ የት አገኛለሁ?»

ሽቅብ ወደ ሰማይ የሚፈስሰውን ወንዝ ተሻገሩ። ቅጠሎቻቸው ረግፈው መሬት የማይደርሱ ነጫጭ ዛፎች መሐል፣ በሕልም እንደሚጓዝ ሰው፣ የእግራቸውን ድምፅ ሳይሰሙ ተጓዙ። በዐሥራ አራተኛው ቀን ሐሽማ ደረሱ።

ሜዳው ይተነፍስ ነበር።

ሐመራ ተንበርክካ መሬቱን ዳሰሰች፤ ከሣሩ ሥር ያለው ሥጋ ነበር። ሁለቱ ሠራዊቶች የተፋለሙት ከጥንት ጀምሮ ተኝቶ በነበረው ግዙፍ ፍጥረት፣ በገሙራ ጀርባ ላይ ኖሯል። ሺህ ጦሮች እንደተተከሉበት ቀርተዋል። ሥጋው በድንጋጤ ተኮማትሮ፣ የወታደሮቹን ጥላ እንደ ጡጫ ጨብጦ ይዟል። ይዝራ ሊቆርጠው ሰይፉን መዘዘ።

«መልሰው ወንድምዓለም» አለችው። «እንዲህ ያደረገው ብረት ነው።»

ወደ ገሙራ ዓይን ሄዳ እጇን ልታሳርፍበት ይፈቅድላት እንደሆነ ጠየቀችው። ተቀምጣም ጠበቀች። ይዝራ አርባው ቀን እያለቀ መሆኑን እየነገረ ነዘነዛት። እሷ ግን ሳይፈቅድ ብትነካው ይብስ እንደሚጨብጥ፣ ጥላዎቹንም እንደሚደፈጥጥ ታውቃለች። በሦስተኛው ማለዳ ሐይቅ የሚያህለው ዓይን በዝግታ ተከደነ፤ በዝግታም ተገለጠ።

ማሸት ጀመረች። ሥጋው ሲላላ ይዝራ ጦሩን ይነቅላል። ከየቁስሉ የሚወጣው ቅዝቃዜ ግን በጣቶቿ ይገባ ነበር። መጀመሪያ ጥፍሮቿ ደነዘዙ፤ ቀጥሎ መዳፎቿ። በዘጠነኛው ቀን ይዝራ እጇ እንደ አመድ መንጣቱን አየ።

«ይብቃሽ እታለም። እኔ በረሃውን እለምደዋለሁ።»

«እኔ አለምደውም» አለችና የመጨረሻውን ጅማት ፈታች።

ገሙራ ተነፈሰ። ሣሩ ሁሉ ተኛ። ጥላዎቹም እንደ ወፍ መንጋ ተነሡ፤ አንዱ ከይዝራ እግር ሥር ሲያርፍ፣ ሌሎቹ ወደ ሰንደራ በረሩ።

በአርባኛው ቀን ሲመለሱ፣ ሊባረሩ የተሰለፉት ዘማቾች የገዛ ጥላቸውን ቁልቁል እያዩ ቆመው ነበር። መማክርቱ ወዲያው፣ እንግዲህ ድነዋልና ለሚቀጥለው ዘመቻ ይዘጋጁ አሉ። ሐመራ የነጡ እጆቿን አንሥታ አሳየቻቸው። ጥላው መመለሱ የፈውሱ መጀመሪያ መሆኑን፣ እያንዳንዱ ትከሻ በፈቃዱና በዝግታ መታሸት እንዳለበት፣ ዓመታት ሊወስድ እንደሚችልም ነገረቻቸው። ንጉሡ አፍሮ ዐዋጁን ሻረ፤ የግብር አዳራሹንም ለሕሙማኑ ለቀቀ። እጇ ስለማይታዘዛት የዘማቾቹን ሚስቶችና እናቶች በቃሏ እያስረዳች ማሸት አስተማረች።

አንድ ቀን ቀትር ላይ ይዝራ ከታሸ በኋላ አጠገቧ ጋደም አለ። ጉንጩን መዳፏ ላይ አሳረፈና እንቅልፍ ወሰደው። ይሙቅ ይቀዝቅዝ እጇ አልነገራትም። ደረቱ ሲነሣና ሲወርድ እያየች፣ እስኪነቃ ድረስ ሳትንቀሳቀስ ተቀመጠች።