መብራቱ ባይመጣ

መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ የሚመኘው ቶሎ እንዲመጣ ነው። ያን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ቴሌቪዥኑ እልም ሲል እታለማሁ የሹራቧን እጅጌ ነክሳ «እባክህ ጌታዬ፣ አታምጣው» አለች በልቧ። እናቷ አምሳለ ግማሹ የተተኮሰ ቀሚስ በእጇ ይዛ ካውያውን ትራገማለች። የልጇ ፊት አመድ መምሰሉን አላየችም።

እታለማሁ በእንጅባራ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ናት። የትምህርት ቤቷ የሳይንስ ክበብ እንቁላል ማስፈልፈያ ሣጥን ሠርቷል፤ ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ምድጃ የተፈታ ሽቦ ያሞቀዋል፣ ቴርሞሜትር ይለካዋል፣ ሁለቱን የሚያዝዘው ደግሞ እሷ የጻፈችው ኮድ ነው። ማንም ገልብጦ በራሱ ሥራ ውስጥ እንዲጠቀምበት አድርጋ ነው ያዘጋጀችው። እንዲህ ያለውን የኮድ ጥቅል ላይብረሪ ይሉታል፤ ለባሕር ዳሩ ውድድር የተመረጠችውም በሱ ነው። የዳንግላዋ ጓደኛዋ ዮዲት በፍላሽ ወስዳ የራሷን ሣጥን ሠርታበታለች። ያስቀመጠችውም ከትንሽ ወንድሟ ጋር በምትተኛበት ክፍል ነው።

ተጠቃሚው ማወቅ ያለበት ሁለት ትእዛዝ ብቻ ነው፤ «ጀምር» እና «ጨርስ»። «ጨርስ» ሽቦውን አጥፍቶ ሁሉን ነገር ወደ ቦታው ይመልሳል። ታዲያ መብራት ሲሄድ መች «ልሄድ ነውና ጨርሱ» ብሎ ያውቃል? የሽቦው ማብሪያ ደግሞ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥም ባለበት የሚቀር ዓይነት ነው። ስለዚህ «ጀምር» ከሁሉ አስቀድሞ ማጥፋት ነበረበት። የእታለማሁ «ጀምር» ግን ያለፈው ሥራ በ«ጨርስ» በደንብ እንደተዘጋ አምኖ፣ ሽቦው እንደበራ ቴርሞሜትሩ እስኪመልስለት ቁጭ ብሎ ይጠብቃል።

ሐሙስ ዕለት መብራት ሄዶ ሲመጣ ቴርሞሜትሩ አልመልስ አለ፤ ሽቦው ሲቀላ በዓይኗ አየችው። ሶኬቱን ነቅላ መልሳ ስትሰካው ሠራ፤ ሰኞ አስተካክለዋለሁ ብላ ተወችው። የክበቡ ኃላፊ መምህር በዛብህ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ምን እንደሚሆን ሞክራው እንደሆነ ጠየቋት። «አዎ ቲቸር፣ ችግር የለውም» አለች። ሣጥኑ ውስጥ የተነጠፈው ደረቅ ገለባ ነው።

ለእናቷ ደብተር ረስቻለሁ ብላ ወጣች። ትምህርት ቤቱ ሩቅ አይደለም፤ እግሯ ግን ጭቃው ላይ እየተንሸራተተ ሁለት ጊዜ ወደቀች። በደረሰችበት ሱቅ ሁሉ አንገቷን አስግጋ አምፖሉን ታያለች። አልበራም። ጥበቃው ጋሽ ደረሰ በሩን ከፍተው፣ ጫጩቶቹ ሳይፈለፈሉ ናፈቁሽ እንዴ ብለው ቀለዱባት። እሷ ግን መሳቅ አልቻለችም።

ወደ ክበቡ ክፍል ገብታ የሣጥኑን ሶኬት በሁለት እጇ ጎትታ ነቀለችው። መሬት ላይ ተቀመጠች። ማንም አላየም፤ ሰኞ ኮዱን ብታስተካክለው ማንም አያውቅም። የዮዲት ሣጥን ግን በዚሁ ኮድ ነው የሚሠራው፤ የዳንግላም መብራት ከዚሁ መስመር ነው። ስልኳን አውጥታ ደወለችላት። ኔትወርክ የለም፤ መብራት ሲጠፋ እሱም አብሮ ይጠፋል። የዮዲትን ቤት የሚያውቁት ደግሞ መምህር በዛብህ ናቸው።

እቤታቸው ደጃፍ ላይ ጫማቸውን ሲቦርሹ አገኘቻቸው።

«ቲቸር፣ ሞክሬዋለሁ ያልኩዎት ውሸት ነው» አለች፣ ሰላም እንኳ ሳትል።

የቀረውን እየተንተባተበች ነገረቻቸው። ቁጡ ሰው ናቸው፤ ይጮሁብኛል ብላ ጠብቃ ነበር። እሳቸው ግን ብሩሹን አስቀምጠው ስልካቸውን ሞከሩ፤ እምቢ አላቸው። ያን ጊዜ እሳቸውም እንደፈሩ ገባት፣ ፍርሃቷም በእጥፍ ጨመረ።

«ሳይቃጠል በቅጠል ነበር» አሉ። «በይ ነይ፣ መናኸሪያ እንሂድ።»

ለእናቷ በጋሽ ደረሰ መልእክት ልከው የዳንግላ ሚኒባስ ተሳፈሩ። አዲስ ቅዳም ከተማ ሲደርሱ የቅዳሜው ገበያ መንገዱን ሞልቶት ኖሮ፣ ከሰል በጫኑ አህዮች መሐል ተቀረቀሩ። ሾፌሩ ጥሩምባውን ሲነፋ፣ ከመንገዱ ማዶ ያለው ወፍጮ ቤት አጉረመረመና መፍጨት ጀመረ።

«ተመስገን፣ መጣ» አሉ አንዲት ተሳፋሪ።

እታለማሁ ወዲያው ስልኳን አወጣች። የዮዲት ሽቦ አሁን እየቀላ ነው። ስልኩን ደጋግማ ብትሞክረውም ኔትወርኩ ገና አልተመለሰም። ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ልጁ ተኝቶ ይሆናል፣ ዮዲት ውጭ ልብስ እያጠበች ይሆናል። አህዮቹ ፈቀቅ አሉ፤ ሚኒባሱ ትንሽ ሄዶ ደግሞ ቆመ። ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ስልኩ ጠራ።

«ዮዲት፣ ሣጥኑን ከሶኬት ንቀይው። አሁኑኑ።»

የሩጫ ኮቴ ተሰማ፤ አንድ ነገር ወድቆ ተሰበረ። ከዚያ ለረጅም ጊዜ ምንም የለም። እታለማሁ ስልኩን ጆሮዋ ላይ አጣበቀች። በመጨረሻ ሳል ሰማች።

«ነቅዬዋለሁ» አለች ዮዲት። «ገለባው ጠቁሯል፤ ክፍሉ ጭስ ብቻ ነው። ወንድሜን አውጥቼዋለሁ፣ ደህና ነው።» ከዚያ ድምፅዋ ተሰበረ። «እቱ፣ ምኑን አበላሸሁት? እንደነገርሽኝ አድርጌ ነው እኮ የገጣጠምኩት።»

መምህር በዛብህ ወደ መስኮቱ ዞረዋል። መብራቱ ኃይል ጨምሮ ነው ብትላት ዮዲት ታምናታለች፤ እታለማሁ ያለችውን ሁሉ ታምናለች።

«አንቺ ምንም አላበላሸሽም። ጥፋቱ የኔ ኮድ ላይ ነው። ሐሙስ ዕለት አይቼው ዝም አልኩ።»

ዮዲት ስልኩን ዘጋችው።

መምህር በዛብህ ቀስ ብለው፣ ልጁም ቤቱም ከተረፉ ከዚህ ወርደው ወደ እንጅባራ መመለስ እንደሚችሉ፣ እናቷም እንደምትጨነቅ ነገሯት። ዮዲት ዛሬ ልታናግራት ላትፈልግ ትችላለች አሉ። ስለ ባሕር ዳሩ ውድድር ግን ምንም አላነሡም።

«ወራጅ አለ?» አለ ረዳቱ በሩን ከፍቶ።

መምህሩ ተማሪያቸውን ተመለከቱ። እታለማሁ የዮዲትን እናት በምን ዓይኗ እንደምታያቸው አታውቅም።

«እኛ እስከ ዳንግላ ነን» አለች።