ባዶ ቤት ውስጥ «እንብላ» አይባልም

ከሰው የሰማሁትን አይደለም የምነግራችሁ። በራሴ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ... እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ጠራራ ፀሐይ ነው። ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ጅቡቲ፣ ሄሮን የሚባለው ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ካሉት አሮጌ የፈረንሳይ ቤቶች በአንዱ።

ኤሌኒ እባላለሁ። በዚያ ቤት ተቀጥሬ፣ እዚያው እያደርኩ እሠራ ነበር። አሠሪዬ ማዳም ናዒማ ክፉ ሴት አይደሉም። ብቻ ሙቀቱ ሲመጣ ከነልጆቻቸው ፈረንሳይ ይገባሉ፤ ቤቱንና ሙቀቱን ለእኔ ትተው።

ጅቡቲ ክረምት የላትም። ያላት ሙቀት ነው። በሙቀቱ ወራት ከኢትዮጵያ በመኪና የሚመጣው አትክልት መንገድ ላይ ይጠወልጋል፤ የተረፈውም ዋጋው እሳት ነው። ስለዚህ ቀዝቀዝ ባለው ጊዜ ካሮቱን፣ አበባ ጎመኑን፣ ፎሶሊያውን፣ ቃሪያውን ከትፈን በተቀቀለ ጠርሙስ እንሞላለን። የፈላ አቼቶ በጨው እናፈስበታለን። ከድነን እንደገና ከነጠርሙሱ እንቀቅለዋለን።

ሲቀዘቅዝ የክዳኑ መሃል ወደ ውስጥ ስርጉድ ይላል። ያኔ ድምፅ ያሰማል።

ጠቅ።

«ይህን ካልሰማሽ አልታሸገም ማለት ነው» ብለው ያስተማሩኝ ማዳም ናቸው። አንዴ ከታሸገ በኋላ ሰው በእጁ ካልከፈተው በቀር ጠርሙሱ ድምፅ የለውም።

ይህን ያዙልኝ።

ማዳም ሲሄዱ የጓዳው መደርደሪያ ሙሉ ነበር። «ብዪ፤ ግን ለመመለሻችን አስተርፊልን» አሉኝ። ሄዱ።

ብቸኝነት ምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ዘበኛው አዴር አብዱልጀሊል ናቸው፤ አዴር በሱማልኛ አጎት ማለት ነው። እሳቸውም በምሳ ሰዓት ካርቲየ ሰባት ቢስ ወደሚባለው ሰፈር፣ ቤታቸው ይሄዳሉ። መንገዱ ጭር ይላል። ውሻ እንኳ አይጮህም። ከአገሬ ከወጣሁ ጀምሮ አንድ ጉርሻ ያጎረሰኝ ሰው አልነበረም። ይህ ለምን እንደሚያስለቅስ ስደትን ያልቀመሰ አያውቀውም።

አንድ ቀን አንዱን ጠርሙስ ከፍቼ በዳቦ ልበላ ተቀመጥኩ። ልጎርስ ስል...

«እንብላ» አልኩ።

ለማንም አይደለም። አፌ የለመደው ነው። «እንብላ» ሳይሉ መጉረስ እኛ ቤት ነውር ነበር።

ከጓዳው...

ጠቅ።

ተነሳሁ። ሰው የለም። ጠርሙሶቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ከመካከላቸው አንዱ ግን ባዶ ነው። ክዳኑ እንደተሰረጎደ፣ እንደታሸገ... አትክልቱ የለም። አቼቶው ብቻ ኩልል ብሎ ቀርቷል።

መሮጥ ነበረብኝ አይደል? እናንተ ብትሆኑ ትሮጡ ነበር።

እኔ ግን... እውነቱን ልናገር... ደስ አለኝ። ሰው ያገኘሁ መሰለኝ።

በማግስቱም «እንብላ» አልኩ። ጠቅ። በሦስተኛው ቀንም። እየዋለ እያደረ ወሬ ጀመርኩለት። ስለ እናቴ፣ ስለ ሰፈራችን፣ ስለ ናፍቆቴ። የሚሰማኝ አገኘሁ ብዬ፣ ሞኟ፣ ጨዋታ አበዛሁ።

ከዚያ ትንንሽ ነገሮች መጡ።

ከፊት ለፊቴ ያለው ወንበር ሳላየው ሳብ ብሎ ይገኛል።

የሳህኔ ጠርዝ ላይ የረጠቡ የጣት ምልክቶች...

አንድ ቀን አዴር ከምሳ ቶሎ ተመለሱ። በወጥ ቤቱ መስኮት በሹክሹክታ ጠሩኝ።

«ኤሌኒ...»

«አቤት አዴር።»

«ማነው ውስጥ?»

«ማንም።»

«ሁለት ሴቶች ሲስቁ ሰማሁ።»

«ስልክ ነው።»

ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ግቢው በር ተመለሱ። እኔ ግን በዚያ ቀን ጭራሽ አልሳቅሁም ነበር።

እናቴ «በቀትር ብቻሽን አታውሪ፤ ቀትር ባለቤት አለው» የምትለው ያኔ ትዝ አለኝ። መደርደሪያውን አየሁ። ያልተበላው አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው። እሱ ሲያልቅ... ምን ሊበላ ነው?

በማግስቱ ምሳዬን ይዤ ተቀመጥኩ። ከንፈሬን ነከስኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «እንብላ» ሳልል ዳቦዬን ቆረስኩ።

ጸጥ።

ጎረስኩ።

ጸጥ...

«እንብላ።»

ከጓዳው ነው። በእኔ ድምፅ። መጨረሻው ላይ ሳብ የማደርገው እንኳ ሳይቀር... ራሱ የእኔ።

በባዶ እግሬ ወጥቼ ሮጥኩ። መሬቱ ያቃጥላል። አዴር ከምሳ ሲመለሱ የግቢው በር ላይ ተገናኘን።

«አዴር! ጓዳ ውስጥ... አለ!»

ምን እንዳለ አልጠየቁኝም። ዱላቸውን ጨበጡ፣ «ቢስሚላህ» ብለው ገቡ።

ጠበቅሁ። ከቤቱ ውስጥ ኮሽታ የለም። ጩኸት የለም።

ወጡ። ዱላቸውን አልያዙም። ጢማቸው አቼቶ ይሸታል።

እያላመጡ ነው።

«ምን አዩ?» አልኳቸው።

«እህትሽ መምጣቷን ለምን ደበቅሽኝ?»

«እህት የለኝም።»

«ቁርጥ አንቺን! ‹ግቡ፣ እንብላ› አለችኝ። አጎረሰችኝም።»

ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው ላይ በዳቦ የተጠቀለለ ካሮትና አበባ ጎመን ነበር። አቼቶው በጣቶቻቸው መሃል ይንጠባጠባል።

«‹አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ሁለተኛውን ለእሷ› ብላለች» አሉኝ። ሳቅ እያሉ እጃቸውን ወደ አፌ አቀረቡ።

እጃቸውን ልመታ ነበር። እምላለሁ፣ ልመታ ነበር።

ግን ስንት ጊዜዬ ነው የሰው እጅ ወደ አፌ ሳይመጣ? ዓይኔ እንባ ሞላ። አፌን ከፈትኩ።

ዋጥኩ።

ጠቅ።

ጓዳውን አዳመጥኩ። ዝም ብሏል።

ድምፁ የመጣው ከደረቴ ነበር።