የገመቺስ አረንጓዴ ውሃ

ካላመናችሁኝ አልፈርድባችሁም። ግን የሆነ ነገር ነው... ብሪቱ ራሷ እጄን ይዛ ነው የነገረችኝ።

አሶሳ ውስጥ፣ በሚያዝያ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው የጀመረው። በጠራራ ፀሐይ።

ባሏ ገመቺስ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። ጉባ፣ የግድቡ ሐይቅ ላይ ጀልባ ተገልብጦ እዚያው ቀረ። አስከሬኑም አልተገኘም። ከሱ የመጣላት ቦርሳው ብቻ ነው። ውስጡ ለተማሪዎቹ ሊያሳይ ከሐይቁ የቀዳው አረንጓዴ ውሃ ነበር፣ በሃይላንድ።

በማግስቱ ሃይላንዱ ባዶ ሆነ።

ብሪቱ ልብ አላለችውም። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ምኑን ልብ ይላል!

የዘጠኝ ዓመት ልጇ ቀነኒ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልቀመሰችም።

አንድ ቀን... ሦስት ቀን... ሳምንት።

እንቁላል ብትቀቅልላት፣ ማንጎ ብትልጥላት፣ ወይ ፍንክች! ስድስት ሰዓት ሲሆን ግቢው መሃል ወጥታ፣ ጀርባዋን ገልጣ ፀሐዩ ላይ በደረቷ ትተኛለች። ዶሮዎቹ እንኳ ጥላ በሚሻሙበት ሰዓት።

ደግሞ አልከሳችም። ጤና ጣቢያ ሲመዝኗት ጭራሽ ኪሎ ጨምራለች።

ቀድማ ያየችው ጎረቤቷ ሰዕዲያ ናት። የቀነኒን ፀጉር ልትሠራ ስታጎነብሳት እጇ ቀጥ አለ።

"ብሪቱ... ና እይ። አንገቱ... ወላሂ፣ አረንጓዴ ነው" አለች፣ ወንድና ሴት በማይለይ አማርኛዋ።

ብሪቱ በሳሙና ፈተገችው። አልለቀቀም።

ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ በሹክሹክታ ጠየቀቻት።

"ምን በልተሽ ነው?"

"የአባዬን ውሃ ጠጣሁት።"

"ለምን፣ የኔ ልጅ?"

"አባዬ ነግሮኛል። ቅርፊት የሌለው የባሕር ቀንድ አውጣ አለ... አልጌ ይበላል። አረንጓዴውን ግን አይፈጨውም፤ ሳይሞት ውስጡ ያስቀምጠዋል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ብቻ ይበቃዋል።"

ወደ ጆሮዋ ተጠጋች።

"እኔም አባዬን አስቀምጬዋለሁ። እህል ከበላሁ ይሄዳል።"

ብሪቱ አቀፈቻት። የልጅቷ ፀጉር ገመቺስ ገመቺስ ይሸታል... ደስ አላት። ደስ ማለቷም አስፈራት።

ግንቦት ላይ ደመናው ወረደ። ዝናቡ ቀን ከሌት አላባራ አለ።

በአራተኛው ቀን ቀነኒ መቆም አቃታት። በሰባተኛው ከንፈሯ ነጣ፤ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ማለት ጀመረ።

ብሪቱ አጥሚት ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ልጇን ካተረፈች ባሏን ዳግመኛ ልታጣ ነው።

"ገሜ... ይቅር በለኝ" አለች።

አጥሚቱን በግድ ጋተቻት።

ቀነኒ ዋጠች።

"እማዬ... ለምን?"

እያለቀሰች እንቅልፍ ወሰዳት። ከንፈሯ ቀላ። አንገቷ ላይ ያለው አረንጓዴ እየደበዘዘ... እየደበዘዘ... ጠፋ።

ብሪቱ ማንኪያውን ልታስቀምጥ ዘወር ስትል ወለሉን አየች።

ከአልጋው እስከ በሩ የባዶ እግር ዱካ። የትልቅ ሰው። እርጥብ... አረንጓዴ።

ወደ ውስጥ የገባ አንድም የለም። ሁሉም የሚወጣ ነው።

ዝናቡ ውስጥ ሮጠች።

"ገሜ! ቆይ!"

ዱካው የግቢው በር ላይ ቆሟል። ሁለት እግር፣ ጎን ለጎን... ጣቶቹን ወደ ቤቱ አዙሮ።

ዝናቡ ግቢውን በሙሉ አጠበው። እነዚያን ሁለቱን ግን አላጠባቸውም።